የኢትዮጵያ ክላስ 1 ሜዲካል ወደ አውሮፓ ወይም አሜሪካ ይዛወራል?

ካዛንቺስ_ሰማይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ የንግድ አብራሪ ላይሰንስና ክላስ 1 ሜዲካል (የአብራሪ የጤና ማረጋገጫ) አለኝ፤ ሜዲካሉ ሊያበቃ 7 ወር ይቀረዋል። ዕድሜዬ 38፣ ባለ መነጽር ነኝ። ለሥራ የአውሮፓ (ኢያሳ፣ የአውሮፓ አቪዬሽን ደህንነት ኤጀንሲ) ላይሰንስ ተጠይቄአለሁ። ከዚያ በፊት አሜሪካ ሄጄ ለጥቂት ሳምንት ትንንሽ አውሮፕላን በግሌ ማብረር እፈልጋለሁ። ያለኝ ሜዲካል ይዛወርልኛል ወይስ እንደ አዲስ ልመርመር? ከአዲስ አበባ ሳልወጣ መጨረስ የምችለውስ ምንድን ነው?

ሁለት_መቶ_ጫማ፦
ሜዲካል ብቻውን አይዛወርም። ሜዲካል ላይሰንስን ይከተላል፤ ላይሰንስ ደግሞ አውሮፕላኑ የተመዘገበበትን አገር። የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 32 አብራሪው አውሮፕላኑን የመዘገበው አገር የሰጠው ወይም የተቀበለለት ላይሰንስ እንዲኖረው ያዛል። ብዙ ሰው አንቀጽ 33ን ጠቅሶ «አገሮች የአንዳቸውን ወረቀት ሌላቸው ሊቀበል ተስማምተው የለ?» ይላል። እሱ የሚሠራው ኢቲ የሚል የኢትዮጵያ ምዝገባ ያለው አውሮፕላን ይዘህ ፍራንክፈርት ስታርፍ ነው፤ ያኔ የጀርመን ሜዲካል የሚጠይቅህ የለም። ጀርመን የተመዘገበ አውሮፕላን ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለኢያሳ ሙሉ ምርመራ አይቀርልህም። የውጭ አገር ላይሰንስ የሚቀየረው በአውሮፓ ኅብረት 2020/723 ደንብ ሲሆን ሜዲካሉ በእነሱ ሕግ የወጣ መሆን አለበት። የመጀመሪያውን ክላስ 1 የሚሰጠው ኤሮሜዲካል ሴንተር (ፈቃድ ያለው የአብራሪዎች መመርመሪያ ማዕከል) ነው፤ ተራው የአቪዬሽን ሐኪም ከዚያ በኋላ ያድስልሃል እንጂ የመጀመሪያውን አይሰጥህም። ቀጠሮ ከመያዝህ በፊት ላይሰንስህን የሚይዘው የትኛው አገር እንደሆነ ወስን። ስፔን ተመርምረህ ላይሰንሱን ከጀርመን ማውጣት ትችላለህ፤ ግን ፋይልህ ለየትኛው ባለሥልጣን እንደሚላክ ከመጀመሪያው ቀን ለሴንተሩ ካልነገርክ ወረቀቱ የማይፈለግበት አገር ገብቶ ይቀመጣል።

እውነተኛው ዝውውር ያለው እዚያው በኢያሳ አባል አገሮች መካከል ነው። የምታመለክተው ለአዲሱ አገር ነው። አዲሱ አሮጌውን ይጠይቃል፣ የሕክምና ፋይልህ ከአንዱ ባለሥልጣን ሐኪሞች ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ላይሰንስና ሜዲካል አብረው ይሄዳሉ፣ ለየብቻ ሁለት አገር መቀመጥ አይችሉም። አዲሱ እስኪሰጥህ አሮጌው ይሠራል። ሜዲካልህ ሊያበቃ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ይህን አትጀምር። እንግሊዝ ደግሞ ከታኅሣሥ 2020 (በፈረንጅ) መጨረሻ ወዲህ ከዚህ ሰንሰለት ወጥታለች፤ የድሮ መመሪያ አንብበህ እንዳትሳሳት።

የፒያሳ_ነፋስ፦
የአሜሪካው ቀለል ይላል፤ ለግል በረራ ብቻ ከሆነ። 61.75 በሚባለው ደንብ ኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) በኢትዮጵያ ላይሰንስህ ላይ ተመሥርቶ የግል አብራሪ ሰርተፊኬት ይሰጥሃል። ለዚህ የኤፍኤኤ ሜዲካል ግዴታ አይደለም፤ ላይሰንሱን የሰጠው አገር ሜዲካል ይበቃል። ስለዚህ ያንተ 7 ወር እዚህ ዋጋ አለው። ገንዘብ ተቀብለህ ማብረር ግን አትችልም፤ የኢትዮጵያው ላይሰንስ ከታገደ ይኼኛውም አብሮ ይቆማል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ 8060-71 የሚባለውን የማረጋገጫ ቅጽ ከጉዞህ 3 ወር ያህል ቀድመህ ላክ። ኤፍኤኤ ላይሰንስህንና ሜዲካልህን እውነተኛ መሆናቸውን በቀጥታ የኢትዮጵያን ባለሥልጣን ይጠይቃል። እዚህ ነው የሚዘገየው። ቅጹን በላክህ በሳምንቱ ቦሌ ወደሚገኘው የላይሰንስ ክፍል ብቅ ብለህ ጥያቄው እንደሚመጣ ንገር፤ ከዚያም ተከታተል። ኮፒህን ማኅተም አስመትተህ መያዝ ይህን አይተካም፤ የሚፈለገው ከባለሥልጣን ወደ ባለሥልጣን የሄደ መልስ ነው። የማረጋገጫ ደብዳቤው ከወጣ በኋላ የሚያገለግለው 6 ወር ነው፤ በጣም ቀድሞ መላክም ኪሳራ ነው።

የራሱን የኤፍኤኤ ሜዲካል ከፈለግህ ሜድኤክስፕረስ በሚባለው ድረ ገጻቸው ላይ ቅጹን ሞልተህ በ60 ቀን ውስጥ እነሱ የወከሉት ሐኪም ጋር ትቀርባለህ። በ38 ዓመት ሦስተኛው ክላስ 60 ወር፣ አንደኛው ክላስ 12 ወር ይቆያል፤ ከ40 በኋላ አንደኛው 6 ወር ብቻ ነው። ቅጹ ከዚህ በፊት የኤፍኤኤ ሜዲካል ተከልክለህ እንደሆነና የጤና ታሪክህን ይጠይቃል። አይታያቸውም ብለህ ያለህን ነገር «የለም» አትበል፤ የሐሰት መልስ በአሜሪካ ሕግ እስከ 5 ዓመት እስራት አለው።

ጆሮ_ምርመራ፦
ሰው የሚወድቅበት በሽታ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የምትጨርሰውም ይኼው ነው።

ቀን። የላብራቶሪ ውጤት ላይ 12/05/2017 ተጽፎ ከሆነ እኛ ጥር 12 እንላለን፤ በፈረንጅ ጥር 20 ቀን 2025 መሆኑ ነው። አውሮፓዊው ሐኪም የግንቦት 2017 አድርጎ ያነበዋል፣ አሜሪካዊው የታኅሣሥ። ሁለቱም ዓመታት ያለፉበት ወረቀት ነው ብለው ይመልሱታል። ክሊኒኩ በፈረንጅ ቀን፣ የወሩን ስም በፊደል አድርጎ እንደገና እንዲያትም ጠይቅ። በእጅ የተሰረዘ ቀን ከስሕተቱም የከፋ ጥርጣሬ ያመጣል።

ስም። እነሱ ጋ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይያዛል። ፓስፖርት ላይ ሦስት ስም፣ ሜዲካል ላይ ሁለት ከሆነ፣ ወይም ጸሐይ አንዱ ላይ በ«ጸ» ሌላው ላይ በ«ሰ» ድምፅ ከተጻፈ፣ ፋይሉ የሌላ ሰው ይመስላል። መጀመሪያ ላይሰንሱን ከፓስፖርት ጋር በፊደል አስተካክል፤ ሌላው ይከተላል።

የጆሮ ምርመራ። የኢያሳ ገደብ በ500፣ 1000 እና 2000 ኸርዝ 35 ዴሲቤል፣ በ3000 ደግሞ 50 ነው። መሐል ከተማ መንገድ ዳር ካለ፣ ድምፅ የማያስገባ ክፍል ከሌለው ክሊኒክ የወጣ ኦዲዮግራም 500 ላይ ወድቆ ይገኛል። ጆሮህ ታሞ አይደለም፤ የጄኔሬተርና የመኪና ወፍራም ድምፅ ዝቅተኛውን ቃና ይሸፍነዋል። በዝግ ክፍል አሠራው።

ኢሲጂ (የልብ ምት ንድፍ)። የድሮዎቹን ሙሉ ወረቀቶች ይዘህ ሂድ፤ «ኖርማል» የሚለው ማጠቃለያ ብቻውን አይረዳም። ጥቁር ወጣት ወንዶች ላይ የኤስቲ መስመር (የንድፉ አንድ ክፍል) ጤነኛ ሆነውም ከፍ ብሎ መታየቱ የተለመደ ነው። ከ5 ዓመት በፊትም እንዲሁ እንደነበረ ካሳየህ ጥያቄው እዚያው ያበቃል፤ ካልያዝክ ለተጨማሪ የልብ ምርመራ ይልኩሃል፣ በዩሮ።

መነጽር። ኢያሳ ለእያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ለሁለቱም 6/6 ይፈልጋል፣ በመነጽር ቢሆንም። ቪዲኤል የሚል ገደብ ይጻፍብሃል፤ መነጽርህን አድርገህ አብርር፣ ትርፍ መነጽርም በኪስህ ይኑር ማለት ነው። የሐኪም ማዘዣው ከ6 ዲዮፕተር በላይ ማይናስ ከሆነ የዓይን ስፔሻሊስት ሪፖርት ጨምርበት።

ደም ግፊት። ጣሪያው ኢያሳ ጋ 160/95፣ ኤፍኤኤ ጋ 155/95 ነው። ጠዋት ሦስተኛውን ቡና ጠጥተህ አትግባ፣ ጾም ላይ ከሆንክ ደግሞ ውሃ ሳትጠጣ አትሂድ፤ የደረቀ ሰውነት ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ያሳያል።

ካዛንቺስ_ሰማይ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የኢያሳው ሲወጣልኝ የኢትዮጵያውን ባላድሰውስ?

ሁለት_መቶ_ጫማ፦
አድሰው። የአሜሪካው ፈቃድህ በእሱ ላይ የቆመ ነው፤ ሜዲካሉ ካበቃ የኤፍኤኤ ሜዲካል እስክታወጣ ድረስ እዚያ ማብረር አትችልም። ኢቲ አውሮፕላን ላይ መመለስ ብትፈልግም የሚጠየቀው የኢትዮጵያው ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ አንዱ ጋ አዲስ ገደብ ከተጻፈብህ በሌላው ምርመራ ላይ አንተው ቀድመህ ንገር።