ለትንሿ ቶርኖዬ ኮሌት እንዴት ልግጠምላት?

ሰላም ባለሙያዎች። ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ነኝ። ቤቴ ባለችኝ ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረች የምትቀርጽ ማሽን) ለቡና መፈልፈያ ማሽን ፒንና ቡሽ እሠራለሁ። ያስቸገረኝ ብረቱን የሚይዘው ባለሦስት መንጋጋ ቻክ ነው። ፒኑን ገልብጬ ሳስረው መሃሉን ይስታል፤ በዲያል ስለካው 0.15 ሚሊሜትር ይወዛወዛል። ያለቀውንም ፊት ይቧጥጥብኛል፣ ያ ነው የሚያናድደኝ።

ስለዚህ ኢአር32 የሚባለውን ኮሌት (ብረቱን ዙሪያውን እኩል ጨምቆ የሚይዝ የተሰነጠቀ ቀለበት) አሰብኩ። እስከ 20 ሚሊሜትር ይይዛል፣ ይበቃኛል። ግን ኮሌቱ የሚገባበትን ቻክ የቱን ልግዛ? የስፒንድሉ (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) ቀዳዳ ሞርስ ቴፐር 3 የሚባለው ሾጣጣ ልክ ነው። እዚያ ውስጥ የሚገባው ርካሽ ነው፤ ከኋላ በረጅም ብሎን ስለሚሳብ ግን ረጅም ዘንግ አያሳልፍም። በፍላንጅ (ቻኩን ከስፒንድሉ ፊት ጋር በሚያገናኝ ክብ ሳህን) የሚታሰረው ያሳልፋል፣ ዋጋው ግን ከበደኝ። የኮሌቱን ቻክ ብቻ ገዝቼ ፍላንጁን ራሴ እዚችው ቶርኖ ላይ ብሠራው ልክ ይመጣል? የሞከራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ የቡና ለቀማ ሳይደርስ መጨረስ አለብኝ።