ክርክር፦ ሰው ገላ ውስጥ መሳሪያ የተከለ ባለሀብት ኃላፊነቱ እስከ የት ነው?

አወያይ፦
የዛሬው ርዕሳችን አልፍሬድ ማን የሚባለው አሜሪካዊ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ። በ1925 ኦሪገን፣ ፖርትላንድ ተወለደ። በ2016 በ90 ዓመቱ ሞተ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ሎስ አንጀለስ ባለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተማረ። ስፔክትሮላብ በሚባለው ኩባንያው ለጠፈር መንኮራኩር የፀሐይ ኃይል ሴል ሠራ። ከዚያ ወደ ሕክምናው ዞረ። ቻርጅ የሚደረግ ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ)፣ የኢንሱሊን ፓምፕ፣ መስማት ለተሳነው ጆሮ ውስጥ የሚተከል ኮክሌር፣ በመጨረሻም አርገስ 2 የሚባል ሰው ሠራሽ ሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን ክፍል)። ያቋቁማል፣ ያሳድጋል፣ ይሸጣል፣ በሽያጩ ሌላ ያቋቁማል። ለዩኒቨርሲቲዎችም በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ሰጥቷል።

ንትርኩ ያለው አርገስ ላይ ነው። ከ350 በላይ ሰዎች ዓይን ውስጥ ከገባ በኋላ አምራቹ፣ አልፍሬድ ከሌሎች ጋር ያቋቋመው ሰከንድ ሳይት፣ በ2019 ነገሩን ተወው። በ2020 አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። ታካሚዎቹን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው የለም። በ2022 አይ ትሪፕል ኢ ስፔክትረም የተባለው መጽሔት ጉዳዩን ዘርዝሮ አወጣው። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ ምርመራ) መነሳት ፈልጎ ‹ይሄ ነገር ዓይኔ ውስጥ እያለ ይቻላል?› ብሎ የሚጠይቀው ያጣ ታካሚ ሁሉ ነበር።

ጥያቄው ይኸው፦ ኩባንያ ቢዘጋም መሳሪያው እንዲጠገን ሕግ ያስገድድ? አልፍሬድስ በዚህ ይጠየቃል ወይ? ስድብ የለም። ጀምሩ።

ሲስተር ኤልኤ፦
እኔ ልጀምር። ሎስ አንጀለስ የስኳር ሕሙማን ክፍል ነው የምሠራው። ሰውዬውን በስም ሳላውቀው ሥራውን ነበር የማየው። ፓምፕ ወገባቸው ላይ ይዘው ያደጉ ልጆች አሁን ወልደው ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። በየቀኑ አራት አምስቴ መርፌ መወጋት ምን እንደሆነ ቤቱ ስኳር የገባበት ያውቃል።

ሀብታም ሆነ? አዎ፣ ሆነ። የፓምፑ ኩባንያ ሚኒሜድ በ2001 ለሕክምና መሳሪያ አምራቹ ሜድትሮኒክ ሲሸጥ ዋጋው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ግን በገንዘቡ ምን አደረገ? በአፍ የሚሳብ ኢንሱሊን ላይ ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ከኪሱ አፈሰሰ። የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር ተመሳሳዩን ምርት ገዢ አጥቶ በ2007 ሲያቆም እሱ አልተወም። በ2014 መድኃኒቱ ፈቃድ አገኘ። ሌላው የመድኃኒት ኩባንያ ሳኖፊ ሊሸጥለት ገባ፣ በጥር 2016 ጥሎት እንደሚወጣ አሳወቀ። ሽማግሌው በሚቀጥለው ወር ሞተ። መድኃኒቱ ግን ዛሬም አለ። ትርፍ ብቻ የሚያሳድድ ሰው በ80 ዓመቱ እንዲህ ያለ ጣጣ ውስጥ አይገባም። ጎልፉን ይጫወታል።

ጋሽ ደረሰኝ፦
ሲስተር፣ ስለ ፓምፑ አልከራከርሽም። ግን ‹ከኪሱ› ስትዪ የሌላውንም ኪስ አትርሺ። የሚሳበውን ኢንሱሊን የሠራው ኩባንያው በ2004 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጧል። ተስፋ ገዝተው የከሰሩ ተራ ሰዎች አሉ። የኮክሌሩም ኩባንያ የአንድ ክፍል አቅራቢ ሲቀይር የአሜሪካውን የመድኃኒትና የሕክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤን ሳያስፈቅድ ቀርቶ በ2008 1.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ወደ በጎ አድራጎቱ ልምጣ። እኔ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስጦታ ሲባል ወረቀቱን ማየት ልማዴ ነው። በ1998 ሎስ አንጀለስ ላለው ዩኤስሲ ዩኒቨርሲቲ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። እውነት ነው። ገንዘቡ የገባው ግን በስሙ ለተሰየመ ኢንስቲትዩት ነው። ሥራውም የተመራማሪዎቹን ፈጠራ ወደ ገበያ ማውጣት ነው። ራሱ ለተማረበት ዩሲኤልኤም ሊሰጥ ተነጋግሮ ነበር። ፓተንቱን (የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን) ማን ይቆጣጠር በሚለው ሳይስማሙ ቀረ። ስጦታ ከሆነ ፓተንቱን ምን አስፈለገው?

የሃይፋ ልጅ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ ልቃወምዎት። እዚህ እስራኤል፣ ቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲም በ2006 የእሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጎበዝ ሐሳብ ሞልቷል፤ የሚጎድለው መካከለኛው መንገድ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የሠራ ነገር ሐኪም እጅ እስኪገባ ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ለዚያ የሚሆን የምርምር በጀት የለም። ባለሀብቱ ደግሞ ‹ገና ነው› ብሎ ይሸሻል። ሐሳቡ ጽሑፍ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። አልፍሬድ ያንን መንገድ ደጋግሞ ሄዶበታል። ዝም ብሎ ለሕንፃ ቢሰጥ ይሻል ነበር? ሕንፃማ ሁሉም ይሰጣል።

ጋሽ ደረሰኝ፦
እሺ፣ ኢንቨስትመንት በሉት። ኢንቨስትመንት ኃጢአት አይደለም። ሐውልት ግን አትጠይቁን።

ካቻቢቴ፦
ሁላችሁም ስለ ሰውዬው ልብ ታወራላችሁ። እኔ ስለ መለዋወጫ ላውራ።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና መሳሪያ እጠግናለሁ። በእርዳታ የመጣ ማሽን መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ። ማሽኑ ጤነኛ ነው። አንድ ሰሌዳ ተቃጥሎበት አምራቹ ‹ያንን ሞዴል ትተነዋል› ስላለ ብቻ ነው። እሱ እንኳ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው። አርገስ ያለው ሰው ዓይን ውስጥ ነው።

አሁን የአልፍሬድን ዕቃዎች አንድ በአንድ ተከተሏቸው። የፔስሜከሩ ኩባንያ ፔስሴተር በ1985 ለሲመንስ ተሸጠ። በ1994 ሴንት ጁድ ገዛው። በ2017 አቦት ሴንት ጁድን ጠቀለለው። በር ላይ ያለው ስም ሦስቴ ተቀየረ፣ ታካሚው ግን የሚደውልበት አላጣም። ፓምፑ ሜድትሮኒክ ቤት ገባ። ኮክሌሩ በ2004 ለቦስተን ሳይንቲፊክ ሄደ፤ ተጣሉ፤ አልፍሬድ መልሶ ወሰደው፤ በ2009 የስዊሱ ሶኖቫ ገዛው። ዛሬም አለ።

አርገስን ግን ማንም አልፈለገውም። ፔስሜከር የሚያስፈልገው ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል። አርገስ የሚሆነው ሬቲናይተስ ፒግሜንቶሳ በሚባለው በዘር የሚወረስ የዓይን በሽታ ብርሃኑን ላጣ ሰው ነው። ዋጋው ከቀዶ ሕክምናው ሌላ 150 ሺህ ዶላር ገደማ። የሚሰጠው ደግሞ በ60 ኤሌክትሮድ (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ጫፎች) የሚፈጠር የብርሃን ብልጭታ ነው። በርና ግድግዳ መለየት፣ የሚንቀሳቀስ ነገር መኖሩን ማወቅ። ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለነጋዴ ግን አያዋጣም።

ስለዚህ የፔስሜከሩን ታካሚ የጠበቀው የአልፍሬድ ደግነት አልነበረም። ገበያ ነው የጠበቀው። ገበያ በሌለበት ቦታ ደግነቱም አብሮ አለቀ። የእኔ ክርክር ይኸው ነው።

ሲስተር ኤልኤ፦
ካቻቢቴ፣ ሰውዬው እኮ በ2016 ሞቷል! ኩባንያው የተዘጋጋው ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ነው። እሱ በሕይወት እያለማ ሲጎድል ይሞላ ነበር። መቃብር ውስጥ ሆኖ ቼክ ይፈርም?

ካቻቢቴ፦
እንደሚሞት አያውቅም ነበር? በ1998 ከሌሎች ጋር ሆኖ ሰከንድ ሳይትን ሲያቋቁም 70 አልፎታል። ዕድሜ ልክ ሰው ዓይን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ስትሠሪ ከአንቺ በኋላ ማን እንደሚይዘው ማሰብ የሥራው ክፍል ነው።

ዝምታዬ፦
ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ። ዛሬ ግን ልጻፍ። ካቻቢቴ የጠራው በሽታ ወንድሜ ላይ አለ። ማታ ማታ ማየት ከመቸገር ነው የጀመረው። አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ይለያል። ስለ አርገስ ዜና የወጣ ሰሞን ቤተሰቡ ሁሉ ገንዘብ እናሰባስብ ብሎ ተነስቶ ነበር። እሱ ራሱ እንቢ አለ። ‹አሜሪካ ሄጄ አስተክዬ ስመለስ መርካቶ ውስጥ የሚጠግነው አለ?› ብሎ አሾፈብን። ያኔ ተስፋ የቆረጠ መስሎን ተቆጣነው።

የሃይፋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ያበርታው። አንተንም።

አንቀጽ፦
በሕጉ በኩል ልግባ። አርገስ አሜሪካ ውስጥ በ2013 የተፈቀደው ለጥቂት ሕሙማን በሚሆኑ መሳሪያዎች ልዩ መንገድ ነው። ደህንነቱን ያሳያል፣ ሊጠቅም እንደሚችልም ያሳያል። ውጤታማነቱን ግን እንደ ሌላው በሙሉ እንዲያረጋግጥ አይጠየቅም። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አለዚያ ለጥቂት ሰው ብሎ የሚደክም አይገኝም። ግን መግቢያውን አቅልለው መውጫውን ረሱት። ኩባንያ ሲከስር ሕጉ የሚያስበው ስለ አበዳሪ ነው። ታካሚው አበዳሪ አይደለም፣ ባለአክሲዮንም አይደለም። ወረፋው ውስጥ የለም።

ሁለት ነገር ይደረግ እላለሁ። አንደኛ፣ የማዕድን ኩባንያ ከመቆፈሩ በፊት መሬቱን መልሶ ለማስተካከል ዋስትና እንደሚያስይዘው፣ ሰው ገላ ውስጥ የሚተከል መሳሪያ የሚሠራ ኩባንያም ያስይዝ። ሁለተኛ፣ ንድፉና ሶፍትዌሩ ገለልተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጥ። ኩባንያው ሲዘጋ ይከፈት።

ካቻቢቴ፦
ሁለተኛዋን ወድጃታለሁ። ከአርገስ ቶሎ የሚበላሸው ውጪ ያለው ነው። መነጽሩ፣ ካሜራው፣ ወገብ ላይ የሚታሰረው ኮምፒውተር። ንድፉን ካገኘ ደህና ባለሙያ ይሞክረዋል። ውስጥ ያለውን አይነካም። ስለዚህ ‹ሰው ሊጎዳ ይችላል› የሚለው ሰበብ ለሁሉም አይሠራም።

ሲስተር ኤልኤ፦
በንድፉ ሰነድ እስማማለሁ። በዋስትናው ግን በፍጹም። ለ350 ሰው ዕድሜ ልክ የሚሆን ገንዘብ አስቀድመህ አስይዝ ካልከው አርገስ ከመጀመሪያውም አይኖርም። ለጥቂት ዓመት የመንገድ ጠርዝ ያዩ ሰዎችም አያዩም ነበር። መሳሪያው ከተዘጋ በኋላ እንኳ ‹አልቆጭም› ያሉ ታካሚዎች እንዳሉ አትርሱ። እኛ ለእነሱ ልንወስን ነው?

ጋሽ ደረሰኝ፦
ገንዘብ የለም ካልሽ አንድ ቁጥር ልንገርሽ። በ2022 በአልፍሬድ ስም ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ለዩኤስሲ ፋርማሲ ትምህርት ቤት 50 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ትምህርት ቤቱ አሁን በስሙ ይጠራል። በዚያው ዓመት ነው ያ መጽሔት ስለተተዉት ታካሚዎች የጻፈው። ገንዘቡ አለ። የተመረጠው በር ነው የተለየው።

የሃይፋ ልጅ፦
ጋሼ፣ በጎ አድራጎቱና ሰከንድ ሳይት በሕግ ሁለት ለየቅል ናቸው። ሰከንድ ሳይት በ2014 አክሲዮኑ ለሕዝብ የተሸጠ ኩባንያ ነው። የበጎ አድራጎት ብር የከሰረ ነጋዴ ጉድጓድ መሙያ ሊሆን አይችልም።

ጋሽ ደረሰኝ፦
ለኩባንያው ስጡ አላልኩም። ለታካሚዎቹ ነው ያልኩት። ለ350 ሰው ባትሪና መነጽር የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ለማቆም የትኛው ሕግ ይከለክላል?

አንቀጽ፦
አይከለክልም። የሚያስገድድም የለም። እዚያ ላይ ነው የምንለያየው፤ እኔ በደግ ሰው ፈቃድ ላይ መተማመን አልፈልግም።

አወያይ፦
ሰዓቱ ሄደ። በሰነዱ አብዛኛው ተስማምቷል፣ በዋስትናው ተከፍለናል። የመጨረሻ ቃል ያለው?

አንቀጽ፦
አለኝ። ያለፈ ታሪክ አታድርጉት። ያው ሰከንድ ሳይት ኦሪዮን የሚባል አንጎል ላይ የሚተከል መሳሪያ በ2018 በስድስት ዓይነ ስውራን ላይ መሞከር ጀምሮ ነበር። ኩባንያው በ2022 ከሌላ ጋር ተዋህዶ ቪቫኒ ሆኗል። የኦሪዮንን ሥራ የያዘው ደግሞ በቪቫኒ ሥር የተቋቋመ ኮርቲጀንት የሚባል ኩባንያ ነው።

ዝምታዬ፦
አንጎል ላይ?

ሲስተር ኤልኤ፦
አዎ፣ ወንድሜ። የዓይን ነርቩ ለጠፋ ሰው ከዚያ ሌላ መንገድ የለውም። እኔ ሙከራው ይቁም አልልም። ፈቃዱ ላይ የሚፈርመው ሰው ግን ‹ኩባንያው ቢዘጋ መሳሪያውን ማን ይይዘዋል፣ ማውጣት ቢያስፈልግ ማን ይከፍላል› የሚል መልስ በጽሑፍ ይሰጠው። ስልክ ቁጥር ጭምር።

ጋሽ ደረሰኝ፦
ስልኩን የሚያነሳ ሰው ጭምር በዪ።