«እሰጥ አገባ» ቃለ ጉባኤ ላይ ቢጻፍ ነውር ነው?

የኮሚቴ ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልደታ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ባለፈው ስብሰባ ስለ ውሃ ፓምፕ መዋጮ ብዙ ተባለ፣ እኔም «ከሰፊ እሰጥ አገባ በኋላ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልፈርምም አሉ። «እኛ ተወያየን እንጂ መቼ ተነታረክን?» ነው የሚሉት። ቃሉ እውነት ስድብ ነው እንዴ?

የአራዳ ልጅ፦
ስድብ አይደለም እህቴ፣ ግን አያምርም። «እሰጥ አገባ ገጠሙ» ነው የሚባለው፤ መግጠም አለበት። ረዳትና ተሳፋሪ በመልስ ሲጨቃጨቁ እሱን ነው የምንለው። ጥሩ እሰጥ አገባ ነበር የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ሕግ አንባቢ፦
ኧረ ቃሉን እንዲህ አታውርዱት! በዱሮው ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት ቆመው «በላ ልበልህ» እየተባባሉ፣ በግጥም ጭምር ይሟገቱ ነበር፣ በዚያ ላይ «ማር እሰጥ»፣ «በቅሎ እሰጥ» እያሉ ይወራረዳሉ፣ የተረታው ይከፍላል። እሰጥ ያለ ሰው ንብረቱን አስይዞ ነው የሚናገረው፣ አፉ እንዳመጣለት አይደለም። «ቁራኛ»ም ከዚያው ነው፤ ባለጋራዎች ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፣ ዛሬ የቀረችን «የአልጋ ቁራኛ» ናት። በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከወጣ ወዲህ ሁሉም በጽሑፍ ክስና በመከላከያ መልስ ሆነ። ውርርዱም ዳኛውም ሲቀሩ ለቃሉ የተረፈው ምልልሱ ብቻ ነው። ያሳዝነኛል።

ስድስት ኪሎ፦
ታሪኩ ደስ ይላል፣ ቃለ ጉባኤ ግን በዛሬ ትርጉም ነው የሚነበበው። «ክርክር» በይው። ክርክር ነውር የለበትም፣ የ1997ቱን የምርጫ ክርክር አገር ሙሉ በዚሁ ስም ነው የተከታተለው። «ውይይት» ግን አትጻፊ። ሁለት ወገን ሆናችሁ ከተሟገታችሁ በኋላ ተወያየን ማለት የተቃወሙትን ሰዎች ድምፅ መዋጥ ነው። ፊት ለፊት መቀመጥ ብቻውን ውይይት የሚያደርገው ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚቀመጥባትን፣ «ውይይት» የተባለችውን ታክሲ ነው።

የኮሚቴ ጸሐፊ፦
«ሙግት» ብለውስ?

ስድስት ኪሎ፦
ሙግት ዳኛ ይፈልጋል፣ ረቺና ተረቺ ይፈልጋል። እናንተ እጅ አውጥታችሁ ነው የጨረሳችሁት። ክርክር ብለሽ ስንት ሰው እንደደገፈና ስንት እንደተቃወመ ጨምሪበት፣ ነገ መዋጮ አልከፍልም የሚል ሲመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው።