ስድስት ዓመት የመጨረሻው ወንበር ላይ፤ ከየት ልጀምር?

የኋላ ወንበር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ አፍሬያለሁ፣ ግን ልጠይቅ።

ቤተ ክርስቲያናችን መሄድ ከጀመርኩ 6 ዓመት ሆኖኛል። ቦታዬ የታወቀ ነው፤ የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ አጠገብ። መዝሙሩ ሊያልቅ ሲል እገባለሁ። የመዝጊያው ጸሎት "አሜን" ሳይባል ቦርሳዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ስብከት እወዳለሁ፣ ማስታወሻ ሁሉ እይዛለሁ። ሰው ግን አላውቅም።

ከጎኔ አንዲት እናት ይቀመጡ ነበር። መነጽራቸውን የረሱ ቀን ጥቅሱን በጆሯቸው አነብላቸዋለሁ። በቅርቡ ጠፉ። አራተኛው ሳምንት ላይ አንዱን አስተናጋጅ ጠየቅኩት። "ስማቸው ማን ነው?" አለኝ። ክው አልኩ። ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ስማቸውን አላውቅም!

ከዚያ ወዲህ ማገልገል አለብኝ እያልኩ ነው። ግን ድምፄ ለመዝሙር አይሆንም። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። አንዴ ሞክሬም ነበር፤ ቅጽ ሙዪ ተባልኩ፣ ሞላሁ፣ "እንደውልልሻለን" አሉኝ። ይኸው ዓመት አለፈው። እንደኔ ያለ ሰው ምን ይሠራል?

የጽሕፈት ቤቷ፦
እህቴ፣ በሁሉም ስም ይቅርታ ልጠይቅሽ። እኛ ጋ እነዚያን ቅጾች የምሰበስበው እኔ ነኝ። ክፋት የለበትም፣ እመኚኝ። ሰዉ "በምን ማገልገል ትፈልጋለህ?" ለሚለው "በማንኛውም" ብሎ ይሞላል። "በማንኛውም"ን የት እንደምመድበው ግራ ይገባኛልና መሳቢያ ውስጥ ይገባል። "ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ፣ አዳራሽ መጥረግ እችላለሁ" ብላ የጻፈች ልጅ ግን በዚያው ሳምንት ተደውሎላታል። አንቺ ምን ብለሽ ነበር የሞላሽው?

ወንበር ደርዳሪው፦
ስሜ እንደሚለው ነኝ፤ 11 ዓመት ወንበር ደርድሬያለሁ። መድረክ ላይ የወጣሁት ማይክ ባትሪ ልቀይር ብቻ ነው።

ነህምያ ምዕራፍ 3ን አንብቢ። ሰው ዘሎት የሚያልፈው ምዕራፍ ነው፣ የስም ዝርዝር ስለሆነ። እኔ ግን እሱን ሳነብ ነው የተጽናናሁት። የኢየሩሳሌምን ቅጥር የጠገኑት እነማን ናቸው? ወርቅ አንጥረኛ አለ። አጠገቡ ሽቶ ቀማሚ አለ። እስቲ አስቢው፣ ሽቶ ሲቀምም የኖረ እጅ ድንጋይ ሲክብ! ሰሎም የሚባል አለቃ ደግሞ ሴቶች ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። የቴቁሔ ከተማ መኳንንት ግን አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም ተብሎ ተጽፎባቸዋል፤ ተራው የቴቁሔ ሰው ድርሻውን ጨርሶ ሌላ ክፍል ሲደግም። (መኳንንት በየዘመኑ አይጠፉም፤ ይቅር ይበለኝ።)

እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። አንዳንዶቹ የጠገኑት በቤታቸው ፊት ለፊት ያለውን ነው። ሩቅ አልሄዱም። በ52 ቀን አለቀ።

አንቺም ቅጹን ተይው። በቤትሽ ፊት ለፊት ያለው ቅጥር የእኚያ እናት ወንበር ነው። የዚያ ረድፍ ሰዎችን ስም ያዢ። ማን እንደቀረ ከመድረክ አይታይም፣ ከኋላ ነው የሚታየው። ስድስት ዓመት የተቀመጥሽበት ቦታ ለዚህ ሥራ ምርጥ ነው።

ደክሞኝ ነበር፦
በሁሉም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር ግን። እኔም እንዳንቺ ጸጸት ገፍቶኝ ነበር የገባሁት። አንዱን እሺ አልኩ፣ ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። በመጨረሻ ስብከት የማልሰማ አገልጋይ ሆንኩ፤ ሰዓቱን በመጋዘንና በኮሪደር እጨርሰዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠፋሁ።

ሙሴን እንኳ አማቱ ዮቶር "ብቻህን አትችለውም፣ ትደክማለህ" ብሎታል። ሐዋርያትም የመበለቶቹ ማዕድ ቅሬታ ሲነሳ እኛው እንደርበው አላሉም፤ ሰባት ሰው አስመረጡ። ስለዚህ ስትገቢ "በሳምንት ስንት ጊዜ? እስከ መቼ?" ብለሽ ጠይቂ። አትፈሪ፣ የሚቆጣሽ የለም። ቢቆጣሽም ያው አንድ ነው።

የኋላ ወንበር፦
ሁላችሁንም ጌታ ይባርካችሁ። የጽሕፈት ቤቷ፣ "በማንኛውም" ነበር የሞላሁት። ሳቄ መጣ።

ባለፈው እሁድ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። ከፊታችን የሚቀመጡት ባልና ሚስት እናትየዋን ያውቋቸዋል፤ ጉልበታቸውን ታመው ነው። ስልካቸውን ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ ቁጥሩን ጽፌ አጠፋሁት፣ አራተኛው ላይ ደወልኩ።

"ማን ልበል?" አሉኝ። ምን ልበል? ስሜንም አያውቁትም እኮ። "ጥቅስ የማነብልዎት ልጅ ነኝ፣ ከመጨረሻው ወንበር" አልኩ።

"ውይ! ያቺ ከአሜን በፊት የምትሮጠዋ?"