ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ለውጭ ግድግዳ፦ ደህናው ከደካማው በምን ይለያል?

ጠያቂ፦
ከሁለት የድንጋይ ካባ የመጣ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ናሙና አለኝ። ቀለማቸው አንድ ነው፤ አንደኛው ግን በአውራ ጣት ሲታሽ ቀይ ዱቄት ይለቃል። ግንበኛው «በስሚንቶ ከተያዘ ሁለቱም ያው ነው» ይላል። እውነት ነው?

መሮ፦
ያው አይደለም። ቅላቱ ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ ለጥንካሬው ማስረጃ አይሆንም። ወሳኙ የአሸዋውን ቅንጣት ያጣበቀው ነገር ነው። ሲሊካ (ኳርትዝ የተሠራበት ነገር) ከሆነ ለዘመናት ይቆያል። ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ከሆነ አሲድ ያለበት ዝናብ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አዲስ ስብራት ላይ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት ይፍለቀለቃል። ሸክላማ አፈር ከሆነ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በዚያው ይፈረካከሳል። ዱቄት የሚለቀውን ለውጭ አይጠቀሙበት።

ውኃ የመምጠጥ ልኩንም ይፈትሹ። ቁራሹን በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቀው ይመዝኑ፤ 24 ሰዓት ነክረው ላዩን ጠርገው ደግመው ይመዝኑ። 2000 ግራሙ 2090 ከሆነ 4.5 በመቶ ጠጥቷል። ኤኤስቲኤም ሲ616 የተባለው የአሜሪካ የግንባታ ድንጋይ መመዘኛ ለአሸዋ ድንጋይ እስከ 8፣ ኳርትዝ ለበዛበት እስከ 3 በመቶ ይፈቅዳል።

ጠራቢው፦
ጥሩውም ድንጋይ በአቀማመጥ ይበላሻል። ንብብሩ (አሸዋው በተፈጥሮ የተደራረበበት ንጣፍ) ካባው ውስጥ እንደተኛ ግድግዳውም ላይ ተጋድሞ ይቀመጥ። ንብብሩን አቁመው ፊቱን ወደ ውጭ ካዞሩት እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከግድግዳ ወጣ ላለ ክፈፍ ግን ንብብሩ ቆሞ ጠርዙ ወደ ውጭ ይታይ፤ ተጋድሞ ከተቀመጠ የታችኛው ንብብር ይረግፋል። የንብብሩ መስመር ካልታየ ውኃ ይርጩበት፤ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል።

ኖራ፦
ስለ ስሚንቶው፦ ማያያዣው ከድንጋዩ የላላ መሆን አለበት። 1 ሃይድሮሊክ ኖራ (በውኃ የሚጠነክር ኖራ) ለ3 አሸዋ ይበቃል። ድፍን ስሚንቶ ርጥበቱን ስለሚዘጋበት ውኃው በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ ጨዉ ከፊቱ ሥር ይጠጥርና ይገፈትረዋል። ስቲላቱራው (በድንጋዮቹ መካከል ያለው የማያያዣ መስመር) ጎልቶ ድንጋዩ ተቦርቡሮ የሚታይ ግድግዳ ነገሩ ይኸው ነው። ቫርኒሽ መቀባትም ያው ጥፋት ነው። የታችኛውን 30 ሳንቲ ሜትር በባዛልት ሠርተው ከላዩ የርጥበት መከላከያ ያንጥፉ።

መሮ፦
እጨምራለሁ፦ ድንጋዩ ድፍንና በሲሊካ የተያዘ ከሆነ 1 ስሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋም ይሠራል። ለሌላው ድንጋይ የኖራው ማያያዣ ይሻላል፤ ሲጨርሱ ቶሎ እንዳይደርቅ ሳምንት ያህል እርጥብ ጆንያ ያልብሱት።