«ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል»? ማን ነው የሚቆጥረው?

የሽምብጥ ነርስ፦ ሰሞኑን እዚሁ ባሕር ዳር በአፈጻጸም ግምገማ ላይ አንድ ሱፐርቫይዘር ተመላላሽ ክፍል የምንሠራ ነርሶችን ሰብስቦ «ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» አለን። በር ላይ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ለአንድ በሽተኛ ካርድ፣ መዝገብ፣ ታሊ (ለወር ሪፖርት በጭረት የሚቆጠርበት ወረቀት)፣ የመድህን አባል ከሆነ ደግሞ የመድህን ቅጽ እንሞላለን። እና አልሠራችሁም እንባላለን? በጣም ነው ያንገበገበኝ።

የዘጌ ልጅ፦ ሲስተር፣ ልፋታችሁን የሚክድ የለም። ግን እናቴ ወባ ይዟት በጀልባ አሻግረን አሳከምናት። የት እንደሆነ ይቅር። ካርዷ ላይ ያለው «ወባ፣ መድኃኒት ተሰጥቷል» ብቻ ነው። የቱ ወባ? ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ እኮ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይመለሳል፤ ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት 14 ቀን ይዋጥለታል። ሲያገረሽባት ሌላ ቦታ ብንወስዳት እንደ አዲስ ተጀመረ።

የሽምብጥ ነርስ፦ እናትህን እግዜር ይማርልህ። ግን የጻፈው ነርስ መሆኑን በምን አወቅህ?

የዘጌ ልጅ፦ በምንም! ከሥሩ አንድ ጭረት ፊርማ እንጂ ስም የለውማ። የምለውም እሱን ነው።

ጤና መኮንን፦ ሰበብ አናብዛ። ጤና ጣቢያ ላይ ነርስም በሽተኛ ታያለች፣ መድኃኒትም ታዛለች። አንድ ገጽ መዝገብ ገልጬ ከላይ እስከ ታች ግፊት 120/80፣ ሙቀት 36.5 ሆኖ አይቻለሁ። አዛውንቱም፣ ነፍሰ ጡሯም፣ ትኩሳት ብሎ የመጣውም። ይኼ ተጽፏል። ተሠርቷል ልትሉኝ ነው?

ቀበሌ 14፦ እንዲህ ዓይነቱን ጽሑፍ የወለደው እኮ ያው አባባል ነው! ባዶ ሳጥን ካስቀጣ፣ ሰው ሳይለካ ይሞላል። የግፊት መለኪያው ባትሪ ማለቁንስ ማን ጠየቀ?

ጤና መኮንን፦ ባትሪ ካለቀ «አልተለካም» ብሎ መጻፍ ነዋ። ውሸት ከባዶ ይብሳል፤ ግፊቱ 180 የሆነ ሰው ደህና ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቀበሌ 14፦ «አልተለካም» ብላ ብትጽፍ የሚገመግማት ማን ነው? አንተው!

የሕፃናት ክፍል፦ እኔ አባባሉን እደግፋለሁ፣ ተቆጡኝ። ዓመት ያለፈው ሕፃን ሳል ይዞት ሲመጣ ትንፋሹ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል፤ 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። «ሳል» ብቻ ከተጻፈ፣ ከሁለት ቀን በኋላ ለክትትል ሲመለስ የምታየው ነርስ ተሻለው ወይስ ባሰበት በምን ታውቃለች? ቁጥሩን መጻፍ ለግምገማ ሳይሆን ለልጁ ነው።

የሽምብጥ ነርስ፦ እሱንማ ማን ጠላ! ለልጁ የሚጻፈውን በደስታ እጽፋለሁ። የሚያቃጥለኝ ለሪፖርት የሚገለበጠው ነው።

መድህን ያለኝ፦ ቅጹንም አትናቁት። ካልተጻፈ የጤና መድህኑ ለተቋሙ አይከፍልም፤ ነገ መድኃኒት የለም የምንባለው እኛ ነን።

ጣና ዳር፦ ኮምፒውተር ይግባና እንገላገል!

የሕፃናት ክፍል፦ መብራት ሲጠፋስ? ኮምፒውተር የገባበትም ብዙ ቦታ ወረቀቱ አልቀረም፤ ሁለቱንም ነው የሚሞሉት።

የዘጌ ልጅ፦ እኔ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፤ ከፊርማው ጎን ስምና ሰዓት ይጻፍ።

ቀበሌ 14፦ ደመወዝ ለመቁረጥ እንዲመች?

የዘጌ ልጅ፦ ሄጄ «ምን ሰጣችኋት?» ብዬ የምጠይቀው ሰው እንዲኖረኝ ነው እንጂ!

የሽምብጥ ነርስ፦ እሺ፣ ስሜን እጽፋለሁ። ታሊውን ያንሱልኝ።

ጤና መኮንን፦ ታሊው ከተነሳ የወሩ ሪፖርት ከየት ይመጣል?

የሽምብጥ ነርስ፦ ከመዝገቡ ይቁጠሩታ! አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ እኮ።