የብር ወንበሬ ዕድሜዋ ስንት ይሆን?

ሰላም ወገኖች፣ እስቲ እርዱኝ። የምኖረው አምስተርዳም ነው። ራይክስሙዚየም ያሉትን የአሻንጉሊት ቤቶች ካየሁ ወዲህ ከብር የተሠሩ ጥቃቅን የቤት ዕቃዎች መሰብሰብ አመል ሆኖብኛል። (ባለቤቴ «የማይቀመጡበት ወንበር ምን ይሠራል?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።)

ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ከአውራ ጣቴ የማትበልጥ ወንበር ገዛሁ። ሻጩ «የ18ኛው ክፍለ ዘመን ናት» ብሎ ማለልኝ። ቤት ገብቼ በማጉያ መነጽር ሳያት ግን ከመቀመጫዋ ሥር የሰይፍ ምልክት ተመትቶባታል። ይህ ማህተም ደግሞ ኔዘርላንድስ ውስጥ ለትናንሽ የብር ዕቃዎች የመጣው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው። የድሮው የአምስተርዳም ማህተም ዘውድ የደፉ ሦስት መስቀሎች ነበር፤ እሱ የለም። ተሸወድኩ ማለት ነው? ወይስ ሰይፉ በአሮጌ ዕቃ ላይ በኋላ ሊመታ ይችላል? ከጎኑ ሌላ ማህተም አለ፤ ተፍቆ ግማሽ ፊደል ብቻ ቀርቷል። የሠሪው ይመስለኛል።

ሌላው፣ መደገፊያዋ ላይ ያለው አበባ ጠቁሯል። በጥርስ ሳሙና ልፈትጋት ብዬ እጄን ሰበሰብኩ። ያቺ ግማሽ ፊደልም ብትጠፋስ? በምን ላጽዳት? ወይስ ከነጥቁረቷ ልተዋት?